የእጃጂ ልጆችና የሌላ ከተማ ዋንጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ሲደርስ ብዙው መንገደኛ ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። ፍል ውሃው ዋኝቶ፣ አምቦ ውሃውን ጠጥቶ ይመለሳል። እኔ ግን ዛሬ ትንሽ ራቅ አድርጌ ልውሰዳችሁ። ጉደርን አልፋችሁ፣ ብርዳማዋን ጌዶ ወጥታችሁ፣ ወደ ባኮ ስትወርዱ የምታገኟት ከተማ እጃጂ ናት፤ የኢሉ ገላን ወረዳ ዋና ከተማ። ጌዶ ላይ የደረባችሁትን ጋቢ እዚህ ታወልቃላችሁ።

በነርስነት ባገለገልኩበት ዘመን በዚህ መስመር ብዙ ተመላልሻለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዲት የቀድሞ ባልደረባዬን ልጠይቅ ሄጄ፣ ከመንገዱ ዳር ካለች ሻይ ቤት አረፍ አልን። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ የሸገር ክለቦች ጠብ እስከ እጃጂ ሻይ ቤት ድረስ ዘልቋል። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ የጊዮርጊስ አንዱ የቡና ደጋፊ፣ ዋንጫ ይቆጣጠራሉ።

የጊዮርጊሱ ልጅ ወሬው ብዙ ነው። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ መመሥረቱን ያውቃል። ከ2006 እስከ 2009 በተከታታይ አራት ጊዜ፣ ደግሞም በ2014 እና በ2015 ዋንጫ ማንሳቱን በጣቱ ይቆጥራል። የቡናው ልጅ ያለችው አንዲት የ2003 ዓ.ም. ዋንጫ ናት፤ እሷኑ እንደ ስለት ልጅ ይሳሳላታል። «አንድ ብትሆንም በላባችን ነው!» ይላል።

በዚህ መሀል ጥግ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ፣ «ሲስተር፣ እጃጂስ ስንት ዋንጫ አላት?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

የምዕራብ ሸዋ ክለብ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ቢሆንም ዋንጫ የአዲስ አበባ ርስት እንዳልሆነ ነገርኩት። የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር በድሮው ሻምፒዮና አምስት ጊዜ አሸንፏል። ሐዋሳ በ1996 እና በ1999፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫውን ወደየአገራቸው ወስደዋል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳም፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ የመጣው ከኤርትራ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ከጊንጪ ወደ ሰሜን ሲገቡ የሚገኘው ጀልዱ ደግሞ የዚሁ የምዕራብ ሸዋ አፈር ነው። ፈይሳ ሌሊሳ የተወለደው እዚያ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሲወጣ፣ እጆቹን አጣምሮ የወገኑን ብሶት ለዓለም አሳየ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ዓመት በላይ በስደት ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ያ የብር ሜዳሊያ ምን ያህል እንደሚመዝን በሚዛን አይታወቅም።

አመሻሽ ላይ ከባልደረባዬ ጋር ሜዳውን አየነው። ግቡ ሁለት ድንጋይ ነው። ከፊሉ ልጅ በባዶ እግሩ፣ ከፊሉ በአንድ እግር ጫማ ይሮጣል፤ አንዱን ጫማ ለጓደኛው አውሶ። ፍጥነታቸውና ቅልጥፍናቸው ያስገርማል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከመስመሩ ውጭ ጉልበቱን በሻሽ አስሮ የተቀመጠው ጎረምሳ ነው። «ወለምታ ነው፣ ታሽቷል» አሉኝ። ከወደቀ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እግሩን ግን ዛሬም መርገጥ አይችልም።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያሉ ብዙ ጉልበቶች አይቻለሁ። ክለብ ያለው ተጫዋች ሲወድቅ ሐኪም ሜዳ ድረስ ሮጦ ይገባል። የገጠር ከተማ ልጅ ሲወድቅ የሚደርስለት ቅቤና ማሸት ነው። ስለዚህ ወላጆች፣ ይህችን ያዙልኝ፦ አዲስ ጉዳትና እብጠት አይታሽም። ልጁ ይረፍ፤ እግሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይደረግለት። መርገጥ ካቃተው ወይም እግሩ ከተጣመመ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ያን ጎረምሳም በማግስቱ ባልደረባዬ ራሷ ይዛው ሄደች።

ዋንጫ የሚቆጠረው በመጨረሻ ነው፤ የሚጀመረው ግን ከሜዳ፣ ከጫማና ከዳነ ጉልበት ነው። በዚያ መንገድ የምታልፉ ከሆነ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ እጃጂ ላይ መኪናችሁን አቁሙ። ሻይ ጠጡ፣ ልጆቹን ተመልከቱ። ቤታችሁ ልጆቻችሁ የጠበባቸው የኳስ ጫማ ካለም ይዛችሁ ሂዱ፤ የሚለብሰው አይጠፋም።