መቁጠሩስ ቀላል ነበር

ዛሬ ፖለቲካውን ልተውና ስለ አንድ ጨዋታ ላውጋችሁ። መተው ከቻልኩ ማለቴ ነው።

ሀገር ቤት ሳለሁ ጋዜጠኛ ነበርኩ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የምሠራበት ጋዜጣ ተዘጋ፣ እኔም ተሰደድኩ። አውሮፓ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ሳገኝ፣ ብዕር ዳግመኛ እንጀራ አይሆነኝም ብዬ ኮምፒዩተር ተማርኩ። በማደሪያው ጎረቤቴ የነበረ ኮሪያዊ ተማሪ ባዱክ የሚሉትን ጨዋታ አስተማረኝ። ፈረንጆቹ ጎ ይሉታል።

ሰሌዳው በቁም 19፣ በአግድም 19 መስመር አለው፤ መገናኛው 361 ነው። አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጠጠር ተራ በተራ ያስቀምጣሉ። ጠጠር ከተቀመጠ አይንቀሳቀስም፤ ተከቦ መተንፈሻ ሲያጣ ግን ይነሳል። በመጨረሻ ብዙ ቦታ ያጠረ ያሸንፋል። በእኛ ገበጣ ጠጠሩ እጅ ውስጥ ስለሚገባ ቆጥሮ መለያየት ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

ለትምህርቴ ነጥብ የሚቆጥር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሁለት ሌሊት አልፈጀብኝም። ፕሮግራሙ ከአንድ ባዶ ቦታ ይነሳና ጠጠር እስኪያቆመው ድረስ ወደ ጎረቤቶቹ ባዶዎች ይሄዳል። ዙሪያውን ያገኘው ነጭ ብቻ ከሆነ ቦታው የነጭ ነው፤ ሁለቱንም ካገኘ የማንም አይደለም። ያለቀ ጨዋታ ሰጠሁት። ነጭ በግልጽ የያዘውን ሰፊ ግቢ «የማንም አይደለም» አለኝ። ለካ አንዲት ጥቁር ጠጠር መሃል ላይ ቀርታ ኖሯል። ሰዎቹ ሞታለች ብለው ትተዋታል፤ ለፕሮግራሙ ግን ጠጠር ያው ጠጠር ነው።

«የሞተውን በምን ይወቅ?» ብዬ ጎረቤቴን ጠየቅኩት። ሳቀና «እኛስ መጀመሪያ እንስማማለን፣ ከዚያ እንቆጥራለን» አለኝ። ካልተስማሙስ? በቻይኖች ደንብ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ሞቷል ያለ ገድሎ ያሳያል። ጠጠርም ቦታም ስለሚቆጠር በራስ ግቢ ውስጥ መጨመር አያከስርም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ በዘገብኩት ምርጫ መቁጠር የሚችል ሰው አልጠፋም ነበር። የጠፋው ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ቆጠራ ነው። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 አዲስ አበባ ላይ የሰው ደም ፈሰሰ።

ማሽኖቹም በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ሲደናቀፉ ኖረዋል። ዲፕ ብሉ ካስፓሮቭን በቼዝ ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በቼዝ የተረፈውን ሠራዊት ዋጋ ደምሮ ማን እንደሚመራ መገመት ይቻላል። በጎ ግን ማን በሕይወት እንዳለ ሳይታወቅ መሪው አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሬሚ ኩሎም የተባለ ፈረንሳዊ፣ ክሬዚ ስቶን በተባለው ፕሮግራሙ ሌላ መንገድ ያዘ፦ ጨዋታውን በዕጣ መልክ እስከ መጨረሻው ደጋግሞ መጫወት፣ ሰሌዳው ሲሞላ መቁጠር። እ.ኤ.አ. በ2016 አልፋጎ ሴኡል ላይ ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 ረታ። ሊ በ2019 ከውድድር ራሱን አገለለ።

አበቃ ስንል እ.ኤ.አ. በ2023 ኬሊን ፔልሪን የተባለ አሜሪካዊ አማተር ከእነዚህ ኃያላን ፕሮግራሞች አንዱን ደጋግሞ አሸነፈ። ማሽኑ የራሱ ትልቅ ቡድን ቀስ በቀስ ሲከበብበት አላየም። መሞቱን ሳያውቅ ራሱን ከሕያዋን ይቆጥር ነበር። ይህን ሳነብ የማውቃቸው ብዙ ድርጅቶች ትዝ አሉኝ፤ ስም አልጠራም።

የእኔን ፕሮግራም እንዴት እንደጨረስኩት ልንገራችሁ። ሁለቱም ተጫዋቾች የሞተውን ምልክት አድርገው ካልተስማሙ አይቆጥርም፤ «ቀጥሉ» ብሎ ሰሌዳውን ይመልስላቸዋል።

ዛሬ በምኖርበት ከተማ፣ በዚያ ምርጫ ከወዲያኛው ወገን የነበረ ወዳጅ አለኝ። ስለ 1997 ስናነሳ እስካሁን አንስማማም፤ አንዳንዴ ቡናው ሳያልቅ እንለያያለን። በቅርቡ ጎ አስተማርኩት። አንድ ቀን ጨዋታው ሲያልቅ ጠጠሬን እያሳየ «ይቺማ ሞታለች» አለኝ።

«አልሞተችም» አልኩት።

«በል እንጫወተዋ!»

ተጫወትን። ሞታ ነበር። በእጄ አንስቼ ሰጠሁትና አብረን ቆጠርን።

ቸር እንሰንብት።