ደመወዝ የሌለው ሥራና የቤት ሒሳብ

በዛሬው ጽሑፌ በካኩማ ካምፕ በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን ማንም እንደ ሥራ ስለማይቆጥረው ሥራ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። ይህም በሽተኛ ማስታመም ነው። ደመወዝ የለውም፤ ወጪ ግን አለው።

እናቴ በደም ግፊት ምክንያት ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ማጠብ፣ ማብላትና ማገላበጥ የእኔ ድርሻ ነው። የአራተኛ ፎርም ተማሪ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ገቢያችን ራሽን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጸጉር ሠርቼ የማገኘው ገንዘብና አጎቴ ከጅዳ የሚልኩልን ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጥረት የተነሣ በኬንያ ካምፖች የሚሰጠውን ራሽን ሲቀንስ፣ ሁለቱ የቀሩት ገቢዎች ክፍተቱን ሊሸፍኑ አልቻሉም። የሒሳብ ደብተር የያዝኩት ያን ጊዜ ነው።

አሠራሬ ቀላል ነው። ገንዘብ እጄ እንደገባ ለአራት እከፍለዋለሁ፤ ለምግብና ለከሰል፣ ለእናቴ መድኃኒትና ሳሙና፣ ለትምህርት፣ ለድንገተኛ ችግር። አራተኛው ሃያ ሽልንግ እንኳ ቢሆን አይቀርም። በክሊኒኩ መድኃኒት ሲያልቅ ከከተማ የምንገዛው ከእሱ ነው። አጎቴ «እልካለሁ» ያሉትን እስኪደርሰኝ ድረስ በገቢ አልጽፈውም። ዱቤ የምወስደው ለምግብና ለመድኃኒት ብቻ ነው፤ ባለሱቁ በደብተሩ ሲጽፍ እኔም በራሴ እጽፋለሁ፤ ቅዳሜ እናመሳክራለን።

ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ በገንዘብ አይፈታም። ተኝቶ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ የቆሰለ ገላ ደግሞ ፋሻና መድኃኒት ይፈልጋል። የግፊት ኪኒንም ሕመሙ የተሻለ መስሎ ስለታየ አይቋረጥም። ስለዚህ የማገላበጫውን ሰዓት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ እኔ ትምህርት ቤት ስሆን ጎረቤታችን የሆኑ እናት ያገላብጡልኛል። እኔም በምላሹ ማታ ማታ ልጃቸውን ሒሳብ አስጠናለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን «ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ብንቀጥር ስንት ይጠይቀን ነበር?» ብዬ አሰብኩ። የአንድ ወር የማስታመሚያ ሰዓቴን፣ የመድኃኒቱንና የሳሙናውን ወጪ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ለአጎቴ በስልክ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም አሉ። «ልጄ፣ ይህን ያህል መሆኑን አላወቅኩም፤ አንቺ ቤት ስላለሽ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። አልፎ አልፎ ይልኩት የነበረውን ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ 4,000 ሽልንግ አደረጉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገር ግን ሸክሙ ስንት እንደሚመዝን ካልተነገረው ማን ይሸከማል?

ለነገም አስባለሁ። እኔ ብታመም የሚተካኝ ሰው እንዳይቸገር የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የራሽን ካርዱ ቁጥርና የአጎቴ ስልክ በላስቲክ ተጠቅልለው ከትራሷ ሥር አሉ። በሳምንት 100 ሽልንግ የምንጥልበት የሴቶች ዕቁብም አለኝ፤ ዕጣዬ ከፈተናው በፊት እንዲሆን ለምኜ ተፈቅዶልኛል። በፈተናው ቀናት እናቴን ለምትጠብቅ ሴት የምከፍለው ከዚያ ነው።

የቀረው የእናቴ የወርቅ ጉትቻ ነው። እኔ ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው ነበር። እሷን መጠየቅ እንዳለብኝ ተሰማኝና ጠየቅኋት። ቃላቱ እየተያዙባት፣ «ለተዝካሬ እንዳታስቀምጪው። ከፈተናው በኋላ ለምትማሪው ነው» አለችኝ። በደብተሩም በትምህርት ረድፍ፣ በእሷ ስም ጻፍኩት።

ውድ ወላጆች፣ በቤታችሁ የሚያስታምም ልጅ ካለ ሒሳቡን አብራችሁት ቁጠሩ፤ ጥቂት ሰዓትም አሳርፉት። ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም የምታስታምሙ ከሆነ ሥራችሁን ጻፉት፤ ለዘመድም አሳዩት። የበሽተኛውንም ፈቃድ መናገር ሳለ ጠይቁ። መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ።