በራይን ወንዝ ዳር የተዘረጋች ጠረጴዛ

አንባቢዎች ሆይ! ጀርመን አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች፣ ስለ ድልድዮችና ስለ ጥንት ግንቦች እንዲያወራላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ርዝመቷ 70፣ ስፋቷ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሆነች አንዲት የእንጨት ጠረጴዛ ነው። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም በመጀመሪያ ስቄ ነበር። እስከ መጨረሻው ብትከተሉኝ ግን ዝነኛውን የራይንን ወንዝ አሳያችኋለሁ፤ ጠረጴዛዪቱም ከወንዙ ይልቅ በልቤ የቀረችበትን ምክንያት እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ማስተማር ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በፍራንክፈርት ከተማ የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም እንድጎበኛቸው ጠሩኝ። አጎቴ ብዙ ዘመን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አክስቴ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ነበረ፤ ነገር ግን ጋዜጣና የመድኃኒት ብልቃጥ ተከምሮበት ስለ ነበር፣ አጎቴ እራታቸውን ከምድጃው አጠገብ ቆመው ይበሉ ነበር። በደረስኩበት ማታ ይህን አይቼ ምንም አልተናገርኩም።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ደጅ አወጡኝና አንድ ነጭ አሮጌ የፊያት ዱካቶ የዕቃ መኪና አሳዩኝ። «ይህ ተጓዥ ቤቴ ነው» አሉኝ። የኋላውን በር ሲከፍቱት አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ በውስጡ አየሁ። ሁሉንም በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው።

ይህ ልማድ በጀርመኖች ዘንድ አዲስ አይደለም። የቮልስዋገን ፋብሪካ ሣጥን የሚመስለውን መኪናውን መሥራት የጀመረው በ1950 እ.ኤ.አ. ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1951፣ በቪደንብሩክ ከተማ የሚገኘው ዌስትፋልያ የተባለው ፋብሪካ፣ ለዚሁ መኪና የሚገባና የሚወጣ የቤት ዕቃ ሠርቶ አቀረበ። ዌስትፋልያ በ1844 እ.ኤ.አ. በአንጥረኛ ቤትነት የተጀመረ ድርጅት ነው። ባለ መኪናው በሥራ ቀን ዕቃ ያመላልስበታል፤ በዕረፍት ቀን ግን አልጋውንና ጠረጴዛውን አስገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ገጠር ይወጣል። ከ1981 ጀምሮ የሚሠራው ዱካቶ ደግሞ ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳውም ወደ ቀጥታ የተጠጋ በመሆኑ፣ ቤት ለሚሠሩበት ሰዎች እጅግ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል።

በአጎቴ መኪና ውስጥ የጎደለው ጠረጴዛ ብቻ ነበር። ጉድለቱም ቀላል አልነበረም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ መኪና የመኖሪያ መኪና ተብሎ እንዲመዘገብ አራት ነገሮች በውስጡ ሊገኙ ይገባል፤ እነዚህም መቀመጫ ከነጠረጴዛው፣ መኝታ፣ ማብሰያና የዕቃ ማስቀመጫ ናቸው። ሁሉም በመኪናው ላይ በጽኑ የታሰሩ መሆን አለባቸው፤ ጠረጴዛው ብቻ በቀላሉ የሚነሣ ቢሆን ይፈቀዳል። እንግዲህ አጎቴ ያን ያህል የደከሙበት ሥራ ጠረጴዛ ስለሌለው ብቻ በሕግ ፊት ያው የዕቃ መኪና ነበር።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሠርተው ጠረጴዛውን ለምን ተዉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለአንድ ሰው ምን ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፣ ልጄ?» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

በዚያን ጊዜ ሳቄን ተውኩት። «አሁን ሁለት ሰዎች ነን፤ እንሥራው» አልኳቸው።

አንባቢዎቼ፣ በመኪና ውስጥ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ አይሆንም። የሰው እግር ማለፊያ ያጣል፤ አልጋውም አይዘረጋም። ስለዚህ የሚሠራው ዘዋሪ ጠረጴዛ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በአልጋው ሣጥን ጎን ላይ አንድ የብረት ማቀፊያ ይታሰራል። በማቀፊያው ውስጥ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይገባል፤ እጀታው ሲላላ ከፍና ዝቅ ይላል፣ ሲጠብቅም ይቆማል። ከዘንጉ ራስ ላይ ወደ ጎን የሚዘረጋ ክንድ አለ። ጠረጴዛዪቱ የምትቀመጠው በክንዱ ጫፍ ላይ ነው። ክንዱ በዘንጉ ላይ ይዞራል፤ ጠረጴዛዪቱ ደግሞ በክንዱ ላይ ትዞራለች። በእነዚህ ሁለት መዞሪያዎች ምክንያት፣ ለሚበላው ሰው ወደ ፊቱ ትመጣለታለች፤ ለሚያልፈው ሰው ደግሞ ገለል ትልለታለች።

ብረቱን ተሠርቶ ገዛነው። ትራፓኖውን ከማንሣታችን በፊት በጠረጴዛዪቱ ልክ ካርቶን ቆረጥን። አጎቴ ወደ ኋላ በሚዞረው የጋቢና ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ በአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ካርቶኑን በየአቅጣጫው አዞርነው። ይህን በማድረጋችን ሁለት ስሕተት አዳነን። አንደኛ፣ ከፍታውን ከወለሉ ለክተን ነበር፤ የሚዞረው ወንበር ግን ከተራ ወንበር ከፍ ስለሚል የአጎቴ ጉልበት ካርቶኑን ነካው። መለካት የሚገባው ከመቀመጫው እንደሆነና፣ ጠረጴዛ ከመቀመጫው በላይ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን እንደሚመች ያን ጊዜ ተረዳን። ሁለተኛ፣ ስፋቷን 40 ሳንቲ ሜትር አድርገን አስበን ነበር። አጎቴ ወደ ቤት ገብተው የእንጀራ ትሪያቸውን አመጡና በካርቶኑ ላይ አስቀመጡት። ትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሁለቱም ወገን ወጣ። «ይህች የጀርመን ጠረጴዛ ናት፤ ለእኛ ትጠበናለች» ብለው ሳቁ። ከደረስኩ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስፋቷን 50 አደረግነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። የአልጋው ሣጥን 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፖርሳቶ ነው። እኔ ማቀፊያውን በአራት የእንጨት ቪቲ አሰርኩትና በእጄ ነቅነቅ ባደርገው ጽኑ ሆኖ ታየኝ። ማታ ሻይ አፍልተን ተቀመጥን። አጎቴ ወሬ ሲጀምሩ ሁለት ክርናቸውን በጠረጴዛዪቱ ጫፍ ላይ አሳረፉ። ወዲያው ቪቲዎቹ ከነእንጨቱ ስብርባሪ ተነቀሉ፤ ሻዩም በአዲሱ ፍራሽ ላይ ፈሰሰ።

በየዓመቱ ለተማሪዎቼ ስለ ማንሻ ዘንግ የማስተምር ሰው ይህን መርሳቴ አሳፈረኝ። ሒሳቡን እናንተም ሥሩት። ሁለት ክርን 20 ኪሎ ያህል ይጫናል እንበል፤ ከማቀፊያው እስከ ጠረጴዛዪቱ ጫፍ 60 ሳንቲ ሜትር ነው። 20 በ60 ሲባዛ 1200 ይሆናል። በማቀፊያው ላይ በላይኞቹና በታችኞቹ ቪቲዎች መካከል ያለው ርቀት 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። 1200 ለ15 ሲካፈል 80 ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በእርጋታ ክርኑን ሲያሳርፍ፣ የላይኞቹ ቪቲዎች በ80 ኪሎ ክብደት ወደ ውጭ ይጎተታሉ ማለት ነው። ስስ እንጨት ይህን ሊችል አይችልም።

አጎቴ አልተቆጡኝም። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥተው፣ «አውቶቡስም መጀመሪያ በባዶው ነው የሚነዳው፤ ሰው ሲጫንበት ግን ጠባዩ ይለወጣል» አሉኝ።

በማግሥቱ ሥራውን እንደገና ጀመርን። የተሰነጠቀውን ቦታ ትተን፣ የሣጥኑ ማዕዘን ወዳለበት ጠንካራ ቦታ ዞርን። ከበስተጀርባው የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩን በእጃችን ዳስሰን አረጋገጥን። ከውስጥ በኩል ከማቀፊያው ሰፋ ያለ የብረት ላሜራ ደገፍንበት። በቪቲ ፈንታ ብሎን ከዳር እስከ ዳር አሳልፈን፣ በሰፊ ሮንዴላና በማይላላ ዳዶ አጠበቅነው። አሁን ክብደቱን የሚሸከመው የቪቲው ጥርስ ሳይሆን ላሜራውና ሣጥኑ በሙሉ ሆነ። የጠረጴዛዪቱንም ማዕዘኖች በሞረድ አከበብናቸው፤ በጠባብ ቦታ ሹል ማዕዘን ዳሌን ያቆስላልና።

ከዚያ በኋላ ለፈተና ጉዞ ተነሣን። መኪና በሚሄድበት ጊዜ ጠረጴዛ ተዘርግቶ አይቆይም፤ ድንገት ፍሬን ቢያዝ ተነቅሎ ሰው ይገድላል። ስለዚህ ጠረጴዛዪቱን ከማቀፊያው አውጥተን ከአልጋው ሥር በቀበቶ አሰርናት። ከፍራንክፈርት ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን ሩደስሃይም ደረስን። ከማይንዝ ወዲህ እስከ ኮብሌንዝ በወንዙ ላይ ድልድይ ስለሌለ በጀልባ ከነመኪናችን ወደ ቢንገን ተሻገርን።

ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሸለቆ በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ወንዙ በሁለት ተራራ መካከል ይጠባል፤ ገደሉ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ወይን ተተክሎበታል፤ በየኮረብታው ራስ ላይም ግንብ ቆሟል። በካውብ ከተማ ፊት ለፊት በወንዙ መካከል በአለት ላይ የተሠራ ነጭ ግንብ አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ የቀረጥ ኬላ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ የእናንተ ዓይነቱ ሥራ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ከዚያ ብታዩት ደስ ይላችሁ ነበር። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሎሬላይ የሚባለው አለት ከወንዙ 130 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። በአፈ ታሪክ አንዲት ቆንጆ ሴት በአለቱ ላይ ተቀምጣ ስትዘፍን መርከበኞች እሷን ሲያዩ ከድንጋዩ ጋር ይጋጩ ነበር ይባላል።

በሳንክት ጎዋር አጠገብ በወንዙ ዳር ለእንዲህ ያሉ መኪናዎች በተመደበ ሜዳ ላይ አደርን። አጎቴ ወንበራቸውን አዞሩ፤ እኔ ጠረጴዛዪቱን ተከልኩ። ከፍራንክፈርት በገዛነው እንጀራ ላይ ሽሮ ፈሰሰ። የጎኑን በር ከፍተን ከአንድ ትሪ በላን። መርከቦቹ በፊታችን ያልፋሉ፤ በሁለቱም ዳር የዕቃ ባቡሮች እየተንጎዳጎዱ ይሮጣሉ። አጎቴ ክርናቸውን ሊያሳርፉ ሲሉ ወደ እኔ ተመለከቱ። «ያሳርፉ» አልኳቸው። አሳረፉ፤ ጠረጴዛዪቱም አልተነቃነቀችም። ከዚያም ስለ አክስቴ ያወሩኝ ጀመር፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስም አላቆሙም። አክስቴ ይህን ወንዝ ለማየት ይመኙ እንደነበር፣ የአጎቴ የሥራ ተራ ግን ዘወትር በዕረፍት ቀን እየዋለ እንዳልሆነላቸው ያን ሌሊት ሰማሁ።

ስንመለስ መኪናውን ለምርመራ አቀረብነው። መርማሪው አልጋውን፣ ምድጃውንና ቁም ሣጥኑን አየ። በመጨረሻ ምንም ሳይናገር ሁለት እጁን በጠረጴዛዪቱ ጫፍ ላይ አድርጎ ተጫነ። እኔና አጎቴ ትንፋሻችንን ያዝን። መርማሪው ራሱን ነቀነቀና በወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መኪናው ቤት ሆነ።

ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ፣ አጎቴ በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የተከመረውን ጋዜጣ ሲያነሡ አየኋቸው። «ይኸኛውስ ምን አጠፋ?» አሉኝ። የመጨረሻውን እራት በዚያ ተቀምጠን በላን።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ተጓዥ ቤት የሚሠራ ሰው ጥቂት ይሆናል። ነገር ግን በኪራይ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚበላ ብዙ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ቦታ ጠበበኝ አትበሉ። ካርቶን ቁረጡ፤ ተቀምጣችሁ ለኩ፤ ከበስተኋላው ብረት ደግፉ። ስፋቷንም ለአንድ ሰው ብቻ አታድርጓት።