እጅ የማይገባበት ዕቃ

ብዙ ዕቃ ነድፌያለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህችን ግን አልረሳኋትም። የክፍል አየር ሲደርቅ እርጥበት የምትረጭ፣ ከውሃ ኮዳ የማትበልጥ፣ በስልክ ቻርጀር ገመድ የምትሠራ ትንሽ ሂዩሚዲፋየር ናት። ካርቶኗ ላይ «ለጉዞም ለቤትም» ተብሎ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ። የውሃ መያዣዋ አፍ ስፋት 32 ሚሊሜትር ነው። እሱንም የወሰንኩት እኔ ነኝ። እዚህ የምናዘዘው ስለ ሁለቱም ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ አፏ። «ይፍቱኝ» ለማለት አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ነገሩ ሲደርስ ይገባዎታል።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። የዚህን አገር የበረዶ ወራት ያየ ሐበሻ ስለ ምን እንደማወራ ያውቃል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየር መሸከም የሚችለው ውሃ 1 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ በሂተር 21 ዲግሪ ሲደርስ 18 ግራም መሸከም ይችላል፤ የያዘው ግን ያችኑ አንድ ግራም ነው። የጎደለውን ካገኘበት ይወስዳል፤ ከከንፈር፣ ከአፍንጫ፣ ከተኛ ሕፃን ጉሮሮ። ጠዋት ትራስ ላይ የነስር ደም ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም። መላው በየሐበሻው ቤት አለ፤ ብረት ድስት ውሃ ሞልቶ ሂተሩ አጠገብ ማስቀመጥ። እኔ ድስቱን ናቅኩት። «ናቅኩት» ትንሽ ይበዛል፤ አፈርኩበት ብል ይሻላል። የዲዛይን መሐንዲስ ነኝ የሚል ሰው ቤት እንግዳ ገብቶ ወለሉ ላይ ድስት ሲያይ ደስ አይለኝም ነበር።

እርግጥ ለሥራ ስጓዝ የሆቴል ክፍል አየር ያስቸግረኝ ነበር፤ ድስት ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሐሳቡ የመጣልኝ ከዚያ ነው ብል አልዋሸሁም። ግን ጉሮሮዬን ስላመመኝ ብቻ ነው የተነሣሁት ብል ግማሹን ደብቄአለሁ። ቆንጆ ነገር መሥራት አምሮኝ ነበር። ሰው ጠረጴዛ ላይ አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የሚያነሣው፣ ሌላው «እሱ ነው የሠራው» የሚልለት ዓይነት።

ውስጧ የሴራሚክ ቀለበት አለ። ከቀለበቱ መሐል በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተበሳ እጅግ ስስ ብረት ተጣብቋል። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሴኮንድ ከ100 ሺህ ጊዜ በላይ ይርገበገብና በጥጥ ዘንግ ተስቦ የመጣውን ውሃ ወደ ጉም ይበትነዋል። ድምፅ የላትም፤ የምትፈልገው ኤሌክትሪክም ጥቂት ነው። ጉሙ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሲጠመዘዝ ያምራል። ሰው የሚገዛውም ያንን አይቶ ነው።

ጉሙ እንፋሎት አለመሆኑን ግን ሠሪው ያውቃል። ድስት ሲፈላ፣ ወይም ውሃው ዝም ብሎ ቀስ በቀስ ሲተን፣ ወደ አየር የሚወጣው ውሃው ብቻ ነው፤ ኖራውና ጨዉ ከታች ይቀራል። እንዲህ ሲበተን ግን ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይወጣል። በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ማዕድን ያለበት ውሃ ከሆነ፣ የእኔዋ ዕቃ በአንድ ሌሊት 300 ሚሊሊትር ስትጨርስ 90 ሚሊግራም ብናኝ መኝታ ቤት ውስጥ ትለቃለች። ቴሌቪዥን ላይ አርፎ የሚታየው ነጭ ነገር እሱ ነው። ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገኝም ነበር። ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ኖራ በሎሚ የፋቀ ልጅ ነኝ። ኖራው ደግሞ ቀላሉ ነው። ቆሞ ባደረ ውሃ የሚራባ ተሐዋስም ያንኑ ጉም ተሳፍሮ ይወጣል፤ ሰው ደግሞ ተኝቶ ይስበዋል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ውሃው በየቀኑ ተደፍቶ መያዣው ይድረቅ፣ በየሦስተኛው ቀን ይታጠብ፣ ማዕድኑ ያነሰ ውሃ ይሞላ የሚለው። የዚህች ዕቃ ዋና ጉዳይ መታጠቧ ነው ማለት ነው። ጉሟ አይደለም፤ መልኳም አይደለም።

ታዲያ አፏን ለምን አጠበብኩት?

በስብሰባ ላይ የሰጠሁት ምክንያት እንዳታፈስ የሚል ነበር። ክዳኑ ሲሰፋ ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማም ይረዝማል፤ ጎማው ሲረዝም ሊያፈስ የሚችልበት ቦታ ይበዛል፤ ሻንጣ ውስጥ የምትጓዝ ዕቃ ደግሞ ልብስ ላይ መፍሰስ የለባትም። ይህ እውነት ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ እውነት ነው። የእኔ ምክንያት ግን አልነበረም። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ስስላት አንገቷ ቀጭን ነበር፤ እንደዚያው ወደድኳት። ምክንያቱን የፈለግኩላት ከዚያ በኋላ ነው። ያገኘሁት ምክንያት እውነተኛ መሆኑ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ አንዱ ይነቃብኝ ነበር።

አንዲት ወጣት ባልደረባችን እንኳ ልትነቃብኝ ጥቂት ነበር የቀራት። ናሙናውን አንስታ ጣቶቿን ከተተች፤ ሁለት ጣት ገብቶ አንጓው ላይ ቆመ። «እንዴት ይታጠባል?» አለች። ክርክር አልነበረም፤ ጥያቄ ነበር። «መመሪያው ላይ እንጽፈዋለን» አልኳት። ሌላ አልተናገረችም። አለቃዋ ነበርኩ።

ጻፍነውም። ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፤ በየሦስት ቀኑ ያጽዱ። ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። እኩለ ሌሊት ሆቴል የደረሰ መንገደኛ ዲስቲልድ ውሃ ከየት እንደሚያመጣ አላሰብኩም ልበል? አስቤ ነበር። ኤርፖርት ላይ በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊሊትር በላይ ፈሳሽ እንደማያልፍ አውቅ ነበር፤ ዘወትር የምበር ሰው ነኝ። ሰዉ ከመታጠቢያ ቤት ቧንቧ እንደሚቀዳ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴም ከዚያው ነበር የምቀዳው። ያ መስመር የተጻፈው ለሚያነበው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን «ነግረናል» ለማለት የተቀመጠ ነበር። እኔ በፕላስቲኩ ላይ መሥራት የነበረብኝን ሥራ በወረቀቱ ላይ አድርጌ ለማላውቀው ሰው አስረከብኩት።

«ለቤትም» የሚለው ቃል ታሪኩ አጭር ነው። ዕቃዋ በሰዓት የምትረጨው 30 ሚሊሊትር ነው። አራት በአራት የሆነ መኝታ ቤት አየሩ በየሁለት ሰዓቱ አንዴ የሚለወጥ ከሆነ፣ እርጥበቱን ከ20 ወደ 40 በመቶ ከፍ አድርጎ ለማቆየት በሰዓት ወደ 80 ሚሊሊትር ይጠይቃል። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ። አልጋ አጠገብ ፊት ላይ ትንሽ ትረዳለች፤ ክፍል አትሞላም። ቃሉ የተጨመረው «ለጉዞ» ብቻ ሲሆን ገዢው ስለሚያንስ ነው። ከድስቱ ትሻላለች ወይ ቢሉኝ፣ እንደ ድስቱ ስፋት ነው የምል ይመስለኛል።

የማላውቀው ነገር አልነበረም ስል የምሬን ነው። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ስለ ደቡብ ኮሪያ አንብቤ ነበር። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሂዩሚዲፋየር ውሃ ውስጥ የሚጨመር ተሐዋስ ማጥፊያ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደይ ወራት ሴኡል ውስጥ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ምክንያቱ ባልታወቀ የሳንባ ሕመም ሆስፒታል ይገቡ ጀመር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የመንግሥት ጤና መሥሪያ ቤት ጣቱን በዚያ ፈሳሽ ላይ ቀሰረ። ቆዳ ቢነካ ያን ያህል የማይከፋ ኬሚካል፣ ጉም ሆኖ ሳንባ ሲገባ ገደለ። ብዙ ሰው ሞተ፤ ሕፃናትም። የቆጵሮሱንም አንብቤአለሁ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 በአንድ የግል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ የቧንቧ ውሃ የተሞላ ተመሳሳይ መሣሪያ ሊጂዮኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ በትኖ ዘጠኝ ሕፃናት ተያዙ፤ ሦስቱ ሞቱ።

እነዚህን አንብቤ ያደረግኩት ነገር ቢኖር መጽናናት ነው። ኮሪያውን «እኛ ኬሚካል ጨምሩ አንልም» ብዬ፣ ቆጵሮሱን «እሱ ሆስፒታል ነው» ብዬ አለፍኳቸው። ዛሬ የኮሪያውን ሌላ አድርጌ ነው የማነበው፤ ልሳሳት እችላለሁ። ያ ፈሳሽ ገበያ ያገኘው ሰው መያዣውን ማጠብ ስለሚያስቸግረው ነው። ሠሪው ያልጨረሰውን ሥራ ኬሚካል ሻጩ እጨርሰዋለሁ ብሎ መጣ። እኔ ኬሚካሉን አልሸጥኩም፤ ኬሚካሉ የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ትቼ ነበር።

አንዲት የሀገራችን ልጅ እዚህ ወለደች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልንላት ስንሄድ ከሌላው ስጦታ ጋር ዕቃዬን ይዤላት ሄድኩ፤ ኮርቼ። በሌላ ጊዜ ልጠይቃት ስመለስ ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ኮመዲኖ ላይ ጉሟን ታወጣለች። ክፍሉ ቆሞ የከረመ ውሃ ይሸታል። ነቅዬ ከፈትኳትና በስልክ መብራት አየሁ። ከታች ጥጉ ላይ ሮዝ የመሰለ የሚያሟልጭ ነገር ይዟል። ልጁ ትንሽ ያስለው ነበር። በብርድ ወራት ያላሳለ ልጅ የለምና ሳሉን ከዕቃዋ ጋር አላገናኘውም፤ አላገናኘውም የምለው ግን ስለማላውቅ ነው እንጂ ነፃ ነኝ ለማለት አይደለም።

እናቱ ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ» አለችኝ፤ «አጥባለሁ፤ ግን እጄ አይገባልኝም። በደንብ ሳላጥበው ቀርቼ ነው።» እጇንም አሳየችኝ። ትንሽ እጅ ነው ያላት።

«አይዞሽ፣ ምንም አይደል» አልኳት። ቀጥዬም ስለ ዲስቲልድ ውሃ አስረዳኋት። እንደ ተማሪ አዳመጠችኝ። ቡና አፈላችልን፤ ጠጥቼ ወጣሁ።

ያኔውኑ ገባኝ ብል ደስ ባለኝ። አልገባኝም። መኪና ውስጥ ያሰብኩት፣ ትዝ ይለኛል፣ ዲስቲልድ ውሃ የት ሱቅ እንደሚረክስ ነው። የገባኝ በኋላ፣ ቢሮ ተቀምጬ ከገዢዎች የመጣ ቅሬታ ስለይ ነው። ቅሬታዎቹን የምናስቀምጥባቸው ክፍሎች ነበሩን፤ አንዱ «የአጠቃቀም ችግር» ይባላል። ክፍሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሻጋታ፣ ሽታ፣ ነጭ አቧራ የሚሉት ሁሉ ወደዚያ ይገቡ ነበር። የዚያን ቀን አንድ የማላውቀው ሰው እጁ እንደማይገባ ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ «እኔ ያልገባኝ ነገር ካለ ይቅርታ» ይላል። እንደ ልማዴ «የአጠቃቀም ችግር» ውስጥ ከተትኩት። ከከተትኩት በኋላ «ምንም አይደል» ያልኩት ድምፄ መጣብኝ። አነጋገሬ ደግና ረጋ ያለ ነበር። እሷ በእኔ ጥፋት ይቅርታ ለመነችኝ፤ እኔም ይቅር አልኳት። ልጇ ከጎናችን ተኝቶ ነበር።

ስለዚህ ነው ከእርስዎ ይቅርታ የማልጠይቀው። በዚህ ጉዳይ ይቅርታ አንዴ ተለምኗል፣ ተሰጥቷልም፤ ለማኙም ሰጪውም ግን ቦታቸው ተገላብጦ። በዚያ ላይ ሌላ መጨመር አልፈልግም።

የተደረገው እንዲህ ነው። በቢሮ ተናገርኩ፤ ጥያቄውን ያነሣችው ልጅ ባለችበት፣ መልሴ የተሳሳተ እንደነበር ጭምር። ቀጣዩ ሞዴል እጅ ያስገባል፤ ውስጡም ጥግ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች አፈሰሱ፤ የክዳኑ ጥርስ ሲረዝም ቆመ። ይቻል ነበር ማለት ነው፤ ሥራ ብቻ ነበር የሚፈልገው። የተሸጡት ግን በየሰው ቤት ናቸው፤ በሕግ ከገበያ የሚያስመልሳቸው ጉድለት የለም ተብሏል፤ መመሪያው ላይ ተጽፏልና።

ለእናትየዋ ደወልኩላት። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን፣ የእኔ መሆኑን፣ ዕቃዋን እንድትጥላት ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ጋ የለችም እኮ» አለች። ልጇ ሲያድግ ለሌላ አራስ ሰጥታታለች፤ በመጀመሪያ ደኅና አድርጋ በኮምጣጤ አጥባ። የዚያችን አራስ ስልክ ለምኜ ተቀበልኩ።

ያነሣው ባልየው ነው። የሚሸጥ ነገር ያለኝ መስሎት ቶሎ ሊዘጋው ነበር። ማን እንደሆንኩ ነግሬ፣ ሂዩሚዲፋየሯን እንዲያጠፏት፣ ውሃ በድስት ሂተሩ አጠገብ ቢያስቀምጡ እንደሚሻል፣ ድስቱንም በየቀኑ እንዲያጥቡት አልኩት። «ተበላሽታ ነው?» አለኝ።

«የለም» አልኩት፤ «እንደ ሠራኋት እየሠራች ነው።»

«እሺ፣ ለባለቤቴ እነግራታለሁ» ብሎ ዘጋው። ይንገራት አይንገራት አላውቅም።