ለ«አህመድ ቤተሰብ» የተላከ ደብዳቤ

ዘሩን ለማወቅ የሚጓጓ ሰው አይነቀፍም። ዝምድናውን መቀጠል የሚሻ ሁሉ ዘመዱ ማን እንደሆነ ማወቅ አለበትና። ይሁን እንጂ በዚህ ጉጉት የሚነግዱ መኖራቸውን ያየሁት እ.ኤ.አ. በ1995 ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፣ ከአጎቴ ልጅ ቤት በእንግድነት በሰነበትኩበት ወቅት ነው።

በፖስታ የመጣለት ደብዳቤ በስሙ የተጻፈ ነበር። የ«አህመድ ቤተሰብ»ን የዓለም ታሪክ የያዘ መጽሐፍ ታትሞ ሊያልቅ ስለሆነ ፈጥነው ይዘዙ ይላል። ዋጋው ከ30 ዶላር በላይ ነው፤ መላኪያው ለብቻ። የ«ቤተሰቡ አርማ» ያለበት የግድግዳ ጌጥ ለሚፈልግ ደግሞ ሌላ ሂሳብ። የአጎቴ ልጅ ቼክ ሊጽፍ ብዕር አንስቷል። ልጆቹ እዚያው የተወለዱ ናቸውና «ከየት መጣን?» ሲሉት የሚያሳያቸው ነገር ቢኖረው ይመኛል።

«ቆይ እስቲ፣ አህመድ ማነው?» አልኩት።

«አባቴ ነዋ!»

እኛ ዘንድ እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም የለም። ሰው የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የአሜሪካ ፎርም ግን የመጨረሻ ስም ሲጠይቀው የአባቱን ሞላ፤ ልጆቹም «አህመድ» ተባሉ። የአህመድ አባት ይመር ናቸው፤ በደብዳቤው አቆጣጠር አያታችን ከቤተሰቡ ውጭ ሆኑ ማለት ነው! የወንድም ልጅ የሆንኩት እኔም እንዲሁ። የካይሮውና የዳካው አህመድ ግን ዘመድ ሆነው ገብተዋል። አህመድ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስም ስለሆነ ሙስሊም ባለበት አገር ሁሉ ይወጣል፤ ስሙን መጋራት ዘርን መጋራት አይደለም።

የእንዲህ ዓይነቶቹ መጻሕፍት አሠራር ቀላል ነው። ስለ ሰዎች ፍልሰትና ስለ ስሞች አመጣጥ የሚያወሩት ገጾች ለሁሉም ገዢ አንድ ናቸው፤ የሚለወጠው ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ነው። ከኋላ በኮምፒውተር ከስልክ ማውጫ የተለቀመ የስምና የአድራሻ ዝርዝር ይከተላል። አርማውም ቢሆን መሠረት የለውም። በ1484 በተቋቋመው የእንግሊዝ የአርማ ኮሌጅ ደንብ እንኳ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለሕጋዊ ተወላጆቹ ነው፤ ስሙ ስለተመሳሰለ ብቻ ማንም አያገኘውም።

ቼኩ ሳይጻፍ ቀረ። ገንዘቡን ለስልክ አዋልነውና ኮምቦልቻ ወደሚኖሩት አክስታችን ደወልን። እሳቸው ከይመር ወደ ላይ ሰባት ቤት ቆጠሩልን፤ የአጎቴ ልጅም እየደጋገመ እያስጠራ ጻፈ። የወንዶቹ ስም ሁሉ ተገኘ። የይመርን እናት ስንጠይቃቸው ግን ዝም ብለው ቆዩና «የሐይቋ ሴትዮ ነበር የሚሏት» አሉ።

አክስታችን እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ወረቀቱ ዛሬ ከልጆቹ ዘንድ ነው። በሐይቋ ሴትዮ ስም ቦታ ላይ ጥያቄ ምልክት እንደተደረገ አለ።