በካርድ ክፍል የቀራሁት ኪታብ



ውድ አንባብያን፣ እኔ በሐይቅ ከተማ ልጆች የማስቀራ ሰው ነኝ። ልጅነቴ በመድረሳ አለፈ፤ በኋላም 12ኛ ክፍልን አጠናቅቄ፣ እነሆ ከሃያ ዓመት በላይ ጠዋት አሊፍ ባ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኪታብ ሳስቀራ ኖሬአለሁ። ስለ ሕክምና ልጻፍ ብል ዕውቀቱ የለኝም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ሐኪሙ ያገኘውን በሽታ ተቀብሎ በቁጥርና በመዝገብ ስለሚያሰፍረው ሠራተኛ ለመናገር ነው። ይህን ሰው ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ካርድ ሲዘገይብን ልንቆጣው ብቻ ነው። እኔ ግን ከቁጣም የከፋ ነገር አድርጌአለሁ። እንዲዋሽልኝ ጠይቄዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. የእህቴን ልጅ ሳል ያዘው። የ22 ዓመት ወጣት ነው። ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሊሄድ ቤተሰቡ ላም ሸጦ ለጉዞው ከፍሎለታል። ሳሉ ሁለት ሳምንት አልፎ ሦስተኛውን ሲይዝ በከተማችን ካሉት የጤና ተቋማት ወደ አንዱ ወሰድነው። አክታው ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት።

የሚገርመው በቤቱ የተለቀሰው ለበሽታው አልነበረም። "ስሙ በመዝገብ ከገባ ጉዞው ቀረ!" ተብሎ ነው የተለቀሰው። እህቴ እጄን ይዛ "ካርድ ክፍል ያለችው ያንተ ደረሳ አይደለችም እንዴ? ላንተ እምቢ አትልም። ካርዱ ላይ ጉንፋን ነው ብላ ታስገባለት፤ መድኃኒቱን እኛ ከውጭ ገዝተን እናውጠዋለን" አለችኝ። እኔም፣ አላህ ይማረኝና፣ ነገሩ ቀላል መሰለኝ። አንድ ቃል በሌላ ቃል መለወጥ ምን አለበት? ብዬ በማግሥቱ ሄድኩ።

ልጅቱን ከአሊፍ ጀምሬ ያስቀራኋት እኔ ነኝ። ትምህርቷን ጨርሳ በጤና መረጃ ባለሙያነት ሠልጥና እዚያ ተቀጥራለች። በመስኮቱ ፊት የቆመው ሰው ብዛት የገበያ ቀን ይመስላል። ከጀርባዋ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ ካርድ፣ በካርዱ ላይ ካርድ። አንድ ሽማግሌ "መሐመድ ሰይድ" ብለው ስማቸውን ነገሯት። "የአያትስ ስም? የካርድ ቁጥርዎን ይዘዋል?" አለቻቸው። አልያዙም። በወሎ ምድር መሐመድ ሰይድ የሚባል ስንት ነው? አንዱ ጸሐፊ በሀሌታው ሀ ጽፎታል፣ ሌላው በሐመሩ ሐ፣ ሦስተኛው በብዙኃኑ ኀ። በስም የፈለገ የሌላ ሰው ካርድ ያወጣል፤ በሌላ ሰው ካርድ የታከመ ደግሞ የሌላ ሰው መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ካርዱም የሚደረደረው በዚያ ቁጥር ነው። ሽማግሌው የእርሳቸው እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። እርሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ፊቷ አልጠቆረም።

ሰው ሲቀልላት አየችኝና ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ጉዳዬን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያም አንገቷን ደፍታ እንዲህ አለች፦

"ኡስታዝ፣ ውኃ ቅጂልኝ ቢሉኝ እቀዳለሁ፤ ቤቴን ጥረጊ ቢሉኝ እጠርጋለሁ። ይህን ግን አልችልም። እኔ በሽታ ሰጪም ነሺም አይደለሁም፤ ሐኪሙ ያገኘውን በቦታው አስቀማጭ ነኝ። ስሙ ይወጣል ብለው ሰግተው እንደሆነ አብሽሩ፤ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልልና ወደ ሚኒስቴር የሚሄደው የወር ሪፖርት ስም የለበትም። ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በየትኛው በሽታ የሚል ቁጥር ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ ነው፤ የሚመጣውም በተመዘገበው ሕመምተኛ ልክ ነው። እርሱን ጉንፋን ብዬ ካስገባሁት የስድስት ወር መድኃኒቱን ማን ያመጣለታል? አብረውት የሚያድሩትንስ ማን ጠርቶ ይመረምራቸዋል? ደግሞስ ኡስታዝ፣ ከጉዞ የሚያስቀረው ሳንባው ነው እንጂ የእኛ መዝገብ አይደለም፤ ለጉዞው ሲመረመር ደረቱን በራጅ ያዩታል።"

መልስ አጣሁ። እርሷ ግን አልጨረሰችም። "በ2014 ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ ካርዱ በየሜዳው ሲበተን አይተዋል። ስንመለስ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ይመጡና 'ያ ነጩ ኪኒን' ይሉናል። ስንት ዓይነት ነጭ ኪኒን አለ? ወረቀት የሌለው ሰው ሕክምናውን እንደ አዲስ ጀመረ። እኔ መዝገብ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሟ ስለ ዕዳ መጻፍ የምትናገረው የበቀራ አያ መሆኗን፣ ጸሐፊም የሚጽፈውን ማዛባት እንደሌለበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት" አለችኝ።

ወላሂ፣ አፈርኩ ልበል ወይስ ተቆጣሁ? ሁለቱም ነው። በወጉ ሳልሰናበታት ወጣሁ። "ደረሳዬ ዛሬ ልታስቀራኝ ተነሳች" እያልኩ በመንገዱ ሁሉ አጉረመረምኩ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያሰብኩት ስለ አንዲት እህቴ ነበር። እናቴ ከእኔ በፊት የወለደቻት ሴት ልጅ ነበረቻት። በ77ቱ ክፉ ቀን ከአምባሰል ቆላ ተነስተው ወደ መጠለያ ሲጓዙ ሞተች፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። እናቴን "በምን ሞተች?" ብዬ በጠየቅኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው፤ "በክፉ ቀን ነዋ" ትለኛለች። ረሃብ ነበር? ኩፍኝ ነበር? ተቅማጥ ነበር? በዚያን ጊዜ በየመጠለያው ሰውን የፈጀው የእህል እጦት ብቻ አልነበረም፤ ኩፍኝና ተቅማጥ፣ ተስቦም ነበሩ። ኩፍኝ ከሆነ ክትባት ሊያድናት ይችል ነበር፤ ተቅማጥ ከሆነ ጨውና ስኳር የተቀላቀለበት ንጹሕ ውኃ። የጻፈ የለምና የሚያውቅ የለም። ያለቀውን ሕዝብ ብዛት እንኳ አንዱ ጸሐፊ የሚለውን ሌላው አይደግመውም። ከዚያ በፊት የነበረውማ የባሰ ነው፤ የ1965ቱና የ66ቱ የወሎ ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴሌቪዥን እስኪያሳየው ድረስ ተሸፋፍኖ ነበር። ያልተጻፈ ሞት ለመሸፋፈን ይመቻል። እኔ ደግሞ ትናንት አንድ በሽታ እንድትሸፍንልኝ አንዲትን ልጅ ለምኛለሁ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ "አፉ በይኝ ልጄ" አልኳት። እርሷ ደንግጣ ልትነሳ ስትል "ተቀመጪ፤ ዛሬ የመጣሁት ልቀራ ነው። ሥራሽን አሳዪኝ" አልኳት። ያሳየችኝን እነሆ ለእናንተ አካፍላለሁ።

በዓለም ያሉ በሽታዎች ሁሉ የፊደልና የቁጥር መለያ አላቸው። ዣክ ቤርቲዮን የተባለ ፈረንሳዊ በ1893 እ.ኤ.አ. የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ፤ ዝርዝሩ እየተሻሻለ ሄዶ በ1948 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበው፤ ያን ጊዜም ከሞት ምክንያት አልፎ የማይገድሉ ሕመሞችን ሁሉ እንዲይዝ ተደረገ። 10ኛው እትም በ1990 እ.ኤ.አ. ጸደቀ፤ 11ኛው በ2019 ጸድቆ ከ2022 መግቢያ ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል ተወሰነ። አገራችንም ከዚሁ የተውጣጣ የራሷ የበሽታዎች ምደባ አላት። በበለጸጉት አገሮች በሽታን ወደ ቁጥር መለወጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሆስፒታሉ የሚከፈለው ገንዘብ እንኳ የሚሰላው በዚያ ቁጥር ነው። በእኛ ዘንድ ይህን ሥራ ካርድ ከማውጣቱና ሪፖርት ከመሥራቱ ጋር ደርቦ የሚሠራው የጤና መረጃ ባለሙያው ነው።

"ሐኪሙ ቲቢ ብሎ ብቻ ቢጽፍ አይበቃኝም" አለችኝ። "የሳንባ ሆኖ በምርመራ የተረጋገጠው ኤ 15 ነው፤ ሳይረጋገጥ በምልክት የተወሰነው ኤ 16፤ የአጥንትና የዕጢው ደግሞ ሌላ ነው። ወባም እንደዚሁ፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ቢ 50፣ ቫይቫክስ ቢ 51። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም፤ እኔ ካደባለቅኋቸው የሚመጣው መድኃኒትም ይደባለቃል። አተት ስንል ደግሞ ምልክቱን ተናገርን እንጂ በሽታውን አልሰየምንም፤ ኮሌራ የራሱ ቁጥር አለው፤ ኤ 00።" ሕመምተኛው "ምች መታኝ" ይላል፤ ሐኪሙ መርምሮ ስሙን ያገኛል፤ እርሷ ቁጥሩን ትሰጣለች፤ የወሩ ሒሳብ ከ21 እስከ 20 ተደምሮ ወደ ላይ ይላካል።

"የሐኪሙ ጽሕፈት ካልተነበበልሽስ?" አልኳት። "ካርዱን ይዤ እሄድና እጠይቀዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ በግምት ከመጻፍ ቁጣው ይሻላል" አለችኝ። ውድ አንባብያን፣ እኛ የዲን ተማሪዎች ይህን የምናውቀው መስሎን ነበር። የሐዲስ ዑለማዎች አንድን ወሬ ከማን እንደሰሙ ለማረጋገጥ ከአገር አገር ተጉዘዋል፤ "ይመስለኛል" የሚለውን ከ"ሰምቻለሁ" ለይተዋል። ሐኪሙ አቡ በክር አር-ራዚም (በ925 እ.ኤ.አ. ገደማ የሞተው) ፈንጣጣን ከኩፍኝ የለየበት ሪሳላ ጽፏል። የተለየ በሽታ የተለየ ስም ይገባዋል ብሎ ነው። ፈንጣጣ ከምድር የጠፋውም እንዲሁ ነው፤ ሕመምተኛው ባለበት እየተፈለገ፣ እየተመዘገበ፣ በዙሪያው ያለው ሰው እየተከተበ። አገራችን የመጨረሻውን የፈንጣጣ ሕመምተኛ ያየችው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

የእህቴ ልጅስ? መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ወሰደ። የቤቱ ሰው ተጠርቶ ሲመረመር በታናሽ እህቱ ላይም በሽታው ተገኘ፤ እርሷ ገና ሳል እንኳ ብዙ አልነበራትም። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ድነዋል። ጉዞው ግን ቀርቷል፤ የተከፈለውም ገንዘብ አልተመለሰም፤ እህቴም ሁለት ወር ሙሉ አላናገረችኝም። እውነት ዋጋ አላት፤ አንዳንዴም ዋጋዋ አንዲት ላም ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ። ወደ ሕክምና ስትሄዱ የካርድ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ስማችሁን እስከ አያት፣ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ተናገሩ። ዕድሜያችሁን አትቀንሱ፣ አትጨምሩም። በመስኮቱ በኩል ያለውን ሠራተኛ ባወቃችሁት ቁጥር "ለእኔ ስትል" አትበሉት። እናንተም በካርድ ክፍል ያላችሁ፣ በእጃችሁ ያለው የሰው ገመና ነው። በትክክል መጻፍ የአማናው ግማሽ ነው፤ ያነበባችሁትን ወደ ቡና ላይ አለማውጣት ሌላው ግማሽ ነው። እኔና እህቴ ያን ያህል የፈራነው ወሬው እንዳይወጣ ነበርና፣ ፍርሃታችንን የምታስወግዱት እናንተ ናችሁ።

በመጨረሻም ልሰናበታት ስል ያን የእህቴን ነገር አነሳሁባት። "ረሃብስ ቁጥር አለው?" አልኳት። "አለው፤ የምግብ እጦት ኤክስ 53 ነው" አለችኝ። "እንግዲያው ለእርሷ እሱን ልጻፍላት?" ብላት ጥቂት አሰበች። "ረሃብ መሆኑን ያዩት አሉ?" አለችኝ። የሉም። "እንግዲያው አር 99 ይባላል፤ ምክንያቱ ያልተገለጸ ሞት ማለት ነው። አላውቅም ማለትም እውነት ነው ኡስታዝ፤ እርሱም ቦታ አለው።"

ቤቴ ገብቼ ከምቀራበት ኪታብ ጀርባ ባለው ባዶ ገጽ ላይ የእህቴን ስም እስከ አያት ጻፍኩ። ዕድሜ፦ 4 ዓመት ገደማ። ዓመት፦ 1977 ዓ.ም.። ቦታ፦ ከአምባሰል ወደ መጠለያ በሚወስደው መንገድ። ምክንያት፦ አልታወቀም። ለእናቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። እናቴ ብዙ ዝም አለችና "ስሟን ድገምልኝ" አለችኝ። ደገምኩላት።

አላህ የሞቱትን ይማር፤ የታመሙትን ያሽር፤ በእጃችን ያለውን አማና ሳናዛባ የምናደርስ ያድርገን። አሚን።