ቁልፉ እምቢ ሲል

መምህር ከመኪና ኳድሮ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ዕጩ መምህራን ግን ለተግባር ልምምድ የምንወጣው ጋራዥ ወደሌለበት ገጠር ነው፤ መኪናዋ ካልተነሣች አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት መምህር ሲጠብቁ ይውላሉ። ስለዚህ ያገናኘዋል እንላለን።

ኳድሮን ብዙ ሰው አንድ ዕቃ ያደርገዋል። ሁለት ነው። ከፊት ያለው ቁልፉ የሚገባበት ሲሆን፣ በውስጡ በሞላ የሚገፉ ስስ የነሐስ ቁርጥራጮች ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም እኩል ይሰበሰቡና ይዞራል። ከኋላ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቁልፉ ዞሯል ወይስ አልዞረም?» ነው። ይህን ሳይጠይቅ ካቻቢቴ የሚያነሣ ሰው፣ ተማሪው የት ላይ እንደ ሳተ ሳያይ ኤክስ የሚያደርግ መምህር ማለት ነው።

ባለፈው ወር በልምምድ ጠዋት የአሮጌዋ ፒክአፓችን ቁልፍ ፍንክች አልል አለ። አንዱ «ሞተሪኖው ነው» ሲል ሌላው «ባትሪው ነው» አለ። ኧረ ቁልፉ ካልዞረ የኤሌክትሪኩ ተራ መቼ ደረሰ! ጋሼ የምንላቸው ሾፌራችን ምንም ሳይሉ መሪውን ግራና ቀኝ ነቅነቅ እያደረጉ ቁልፉን ቀስ ብለው ሞከሩት፤ ዞረ። ጎማው ድንጋይ ተደግፎ ስላደረ መሪውን የሚቆልፈው ብረት ተወጥሮ ኖሯል። በጉልበት ቢታገሉት ቁልፉ እዚያው ተሰብሮ ይቀር ነበር።

በማግሥቱ ግን መሪው ልቅ ሆኖም አስቸገረ። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው አቧራ ነው። ዘይት አቧራውን ያቦካዋልና፣ የእርሳስ እምብርት ፈጭቶ ቁልፉን እየቀቡ ማስገባትና ማውጣት ይሻላል። እርሳስ መቼም የሰፈራችን ዕቃ ነው። እሱም ብዙ አልረዳ ሲል ጋሼ ያልተሠራበትን ትርፍ ቁልፍ ከመሳቢያ አመጡ፤ ሳያንገራግር ዞረ። አንድ ጋራዥ «ሙሉውን ቀይሩ» ብሎን ነበር፤ ያለቀው ለካ ቁልፉ ብቻ ነው! ካለቀ ቁልፍ ላይ ማስቀረጽም ከሰነፍ ጓደኛ መኮረጅ ነው፤ ስሕተቱ አብሮ ይቀዳል።

ቁልፉ ዞሮ ምንም መብራት ካልበራ ባትሪው፣ የባትሪው ማሰሪያ፣ ፊውዙ ወይም የኋላው ማብሪያ ይታያል። የፊት መብራቱ ደምቆ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ማብሪያውን፣ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ሽቦና ራሱን ሞተሪኖውን መመርመር ነው። ሽቦ ከመንካት በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል።

ከባድ የቁልፍ ዘለላም ኳድሮ ይጎዳል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና የጠራው ማብሪያቸው ልል ሆኖ ነው። በዘለላ ክብደት ወይም በመንገድ ንቅናቄ ቁልፉ ይመለስና ሞተሩ በጉዞ ላይ ይጠፋል፤ ኤርባጉም አይሠራም። በኩባንያው የካሣ ፈንድ 124 ሰዎች በዚሁ ምክንያት መሞታቸው ተቀባይነት አግኝቷል።

ጋሼ ይህን ስንነግራቸው የመጋዘኑንና የቢሮውን ቁልፎች ከዘለላው ፈቱ። ትንሿን የነሐስ ቃጭል ግን «እሷን እንኳ አትንኩብኝ» ብለዋል።